አብሽሪ ባይዋ በር ላይ ቀረች

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው ደቡብ ወሎ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። እናቴ ያን ሌሊት ግቢው ውስጥ አደረች። በእሷና በማዋለጃ ክፍሉ መሀል ያለው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። የልጇ ድምፅ ይሰማታል። አጥሚት በፔርሙዝ ይዛለች፤ እንዳይቀዘቅዝ በጋቢ ጠቅልላዋለች። ሁለት ጊዜ በሩን አንኳኳች። ሁለቴም "እናት፣ ውጭ ይጠብቁ" ተባለች።

ማርያም ማረቻት፤ ልጁም ደህና ተወለደ። በመዝገብ ላይ ሲታይ ምንም የጎደለ ነገር የለም። ከወራት በኋላ ግን እህቴ ስለዚያች ሌሊት ስታወራኝ ምጡን አላነሳችም። "የጣሪያውን ቆርቆሮ መስመር ቆጠርኩት" አለችኝ። "ውሃ ጠምቶኝ ነበር። ማንን ልጠይቅ? አዋላጇ ልጅ ብቻዋን ናት፣ ትሮጣለች።"

እናቴ በበኩሏ እኛን ሁላችንንም ቤት ውስጥ ነው የወለደችን። ያኔ ክፍሉ በሴት ይሞላ ነበር። አንዷ ከኋላ ደግፋ ትይዛታለች። ሌላዋ ወገቧን ታሻለች። ሌላዋ እሳት ላይ ናት። ጎረቤታችን ደግሞ ሥራዋ አንድ ነው፤ አጠገቧ ቁጭ ብላ "አብሽሪ፣ አብሽሪ" ማለት። ለማያውቅ ሰው፣ ወሎ ላይ "አይዞሽ" ሲባል "አብሽሪ" ነው። ሙስሊሙም ይለዋል፣ ክርስቲያኑም ይለዋል። እዚያ ክፍል ውስጥ አንዷ ማርያምን ስትጠራ ሌላዋ ፋጡማን ትለምናለች። ማንም ዘወር ብሎ አያይም።

ይህን ስጽፍ ድሮን ለማሞገስ አይደለም። በዚያ ክፍል ውስጥ ደም ቢፈስ የሚያቆም ሰው አልነበረም። ልጁ ቢታፈን የሚያስተነፍስ አልነበረም። "በምጥ ቀረች" የሚለው አነጋገር ከየት መጣ ታዲያ? እያንዳንዱ መንደር ስም እየጠራ የሚነግርህ እናት አለው።

የኔ ነገር እንዲህ ነው። ወሊድን ከቤት ወደ ጤና ተቋም ስናዞር ባለሙያዋን አገኘን። አብሽሪ ባይዋን ግን በር ላይ ትተናት ገባን። ማንም አስቦበት አይደለም። ከሁለቱ አንዷን መምረጥ ግን ግዴታ አልነበረም፤ አሁንም አይደለም።

ለውጡ ምን ያህል ፈጣን እንደነበር ቁጥሮቹ ያሳያሉ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሀገር አቀፍ ደረጃ ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተካሄዱት 5ቱ ብቻ ነበሩ። በ2003 ዓ.ም. 10 ሆኑ። በ2008 ዓ.ም. 26። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት 48 ደረሱ። የእናቶች ሞትም ቀንሷል። በ1992ቱ ጥናት ከ100 ሺህ በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ቁጥሩ 412 ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሄደው፣ አምቡላንስ ለየወረዳው ተሰጥቶ፣ አዋላጅ ነርሶች በብዛት ሠልጥነው የመጣ ለውጥ ነው። ጤና ጣቢያዎች እናቶችን ለመሳብ ገንፎ እስከ ማገንፋት፣ ቡና እስከ ማፍላት ሄደዋል። ይህ በጣም ደስ የሚለኝ ነገር ነው። ገንፎው ገብቷል። የምታገነፋዋ ሴት ግን ከወሊዱ በኋላ ነው የምትጠራው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ የፈረንጅ ቃል ላውራ። በሌላው ዓለም ምጥ ላይ ካለች ሴት ጋር የምትቀመጥ፣ ባለሙያ ያልሆነች ግን ለዚሁ የሠለጠነች ሴት አለች። ስሟ "ዱላ" ይባላል። አዎ፣ ዱላ። ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፤ ትርጉሙ አገልጋይ ሴት እንደ ማለት ነው። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን ያው በትር ሆኖ አረፈው። "ምጥ ላይ ያለች ሴት ዱላ ያስፈልጋታል" ብለህ ደሴ ላይ ብትናገር ምን እንደሚደርስብህ አስበው። በየማዋለጃ ክፍሉ ጭን በጥፊ የተመታች፣ "ስታረግዢ አልጮህሽም" የተባለች እናት መኖሯን ላስታወሰ ሰው ቀልዱ ትንሽ ይመራል።

ስለዚህ ቃሉን ለባለቤቶቹ ትቼ "አብሽሪ ባይ" እላለሁ።

አብሽሪ ባይ ምን ትጠቅማለች? የሚገርመው፣ ይህ በደንብ ከተጠኑት የወሊድ ጉዳዮች አንዱ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ግምገማ በ17 ሀገሮች የተደረጉ 26 ጥናቶችንና ከ15 ሺህ በላይ ሴቶችን ደምሮ ተመልክቷል። ምጡ እስኪያልቅ የማትለያት ሰው የነበረቻት ሴት በራሷ የመውለድ ዕድሏ ከፍ ይላል። በቀዶ ጥገና የመውለድ ዕድሏ በሩብ ያህል ይቀንሳል። ምጡም በአማካይ በ40 ደቂቃ ያህል ያጥራል። በወሊዷ የማዘኗና የመከፋቷ ነገር ይቀንሳል። ጉዳት ተፈልጎ አልተገኘም። መድኃኒት ቢሆን ኖሮ በየጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ ነበር።

አንድ ነገር ግን መደበቅ አልፈልግም። ቀዶ ጥገናን በመቀነስ በኩል ውጤቱ ጎልቶ የታየው ረዳቷ ከቤተሰብም ከሠራተኛም ውጪ ሆና ለዚሁ ሥራ ስትመጣ ነው። እናት ወይም እህት ስትሆን ወላዷ በወሊዷ ትደሰታለች፤ የቀዶ ጥገናው ቁጥር ግን ያን ያህል አይነቃነቅም። ለምን? እኔ እንደሚመስለኝ እናት ራሷም ስለምትፈራ ነው። የልጅዋን ሕመም እያየች "ኧረ አንድ ነገር አድርጉላት" ትላለች። "ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች" የሚባለው ተረት እዚህ ላይ ይገለበጣል። አንዳንዴ እናትም መማር ያለባት ነገር አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ማንኛዋም ወላድ ራሷ የመረጠችው ሰው በምጥና በወሊድ ጊዜ አብሯት እንዲሆን ይመክራል። "ራሷ የመረጠችው" የሚለውን አስምሩበት። አማቷ የመረጡት አላለም።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራም ግልጽ ነው። ማህፀንን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ሰው ሲፈራ ደግሞ አድሬናሊን ይፈሳል፤ አድሬናሊን በተለይ በምጡ መጀመሪያ ላይ ቁርጠቱን ያዳክመዋል። እንስሳ እንኳ ሲያምጥ ጨለማና ጸጥታ ይፈልጋል። የከብት ሀገር ሰው ይህን ያውቃል፤ ላም ስትወልድ ማንም አይጮህባትም። ሴትን ግን የማታውቀው ክፍል ውስጥ፣ በጀርባዋ አስተኝተን፣ መብራት ለኩሰን፣ "ቶሎ በይ" እንላታለን። ከዚያ "ምጡ ዘገየ" ብለን እንጽፋለን።

ከሁሉ የሚረዝመውና ማንም የማያወራለት የምጥ ክፍል መጀመሪያው ነው። የማህፀን በር 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ሲከፈት ማለት ነው። ያው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ጠንካራው ምጥ ከ5 ሳንቲሜትር እንደሚጀምር ይናገራል። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ረጅም ሊሆን ይችላል፤ ስንት ሰዓት ነው ብሎ መወሰንም አይቻልም። ደሴ ከተማ ውስጥ ያለች ሴት "ገና ነሽ፣ ቤትሽ ሄደሽ ተመለሺ" ብትባል ባጃጅ ይዛ ትሄዳለች። ከበሽሎ ሸለቆ ወጥታ የመጣችዋስ? ሌሊቱን በቃሬዛ ያደረችዋስ? ለእሷ "ተመለሺ" የሚባል ነገር የለም። ዛፍ ሥር ትቀመጣለች። የእናቶች ማቆያ ቤቶች የተሠሩት ለእንደዚህ ዓይነቷ ሴት ነው፤ ቀኗ ሲቃረብ መጥታ እንድትጠብቅ። ማቆያው ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን አልጋ ብቻ ከሆነ፣ የሚያበስልላትና የሚያጫውታት ከሌለ፣ ቤት ያሉትን ልጆች የሚይዝ ሰው ከጠፋ፣ በሦስተኛው ቀን ነጠላዋን አጣፍታ ትሄዳለች።

በዚህ ረጅም ሰዓት ውስጥ አብሽሪ ባይ ሥራዋ ብዙ ነው። ውሃና አጥሚት በጉንጭ በጉንጭ ትሰጣለች። ችግር የሌለባት ወላድ በምጥ ላይ መጠጣትና ቀለል ያለ ነገር መብላት ትችላለች። ሽንቷን እንድትሸና ታስታውሳታለች፤ የሞላ ፊኛ የሕፃኑን መንገድ ያጠባል። አቅፋ ታንቀሳቅሳታለች። መቆም፣ መንበርከክ፣ በጎን መተኛት፣ ግድግዳ መደገፍ፣ የተመቻት ሁሉ ይሆናል። ቁርጠቱ ሲመጣ የወገቧን ታች በመዳፏ ጫን ትላለች፤ ሲሄድ ትለቃለች። በረጅሙ ተንፍሺ ትላታለች። ሳይደርስ እንዳትገፋ ታግዳታለች። የማህፀን በር 10 ሳንቲሜትር ሳይከፈት መግፋት ድካም ብቻ ነው። ዝም ማለት ሲያስፈልግም ዝም ትላለች። ይኸኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ በተለይ ለእኛ ለወሎዬዎች።

ሌላው ሥራዋ ዓይንና ጆሮ መሆን ነው። ደም ከፈሰሰ፣ ራሷን ክፉኛ ካመማት፣ ዓይኗ ብዥ ካለ፣ ካንቀጠቀጣት፣ የሽርት ውሃው አረንጓዴ ከሆነ ሮጣ አዋላጇን ትጠራለች። ሰዓትም ትይዛለች። ምጥ ሲረዝምና ሕፃኑ መውጫ ሲያጣ እናቲቱን ለፌስቱላ፣ ሽንት መቆጣጠር ለሚያሳጣው ጉዳት፣ የሚዳርጋት ያ ማንም ያልቆጠረው ሰዓት ነው።

የማትሠራው ደግሞ ከምትሠራው እኩል መታወቅ አለበት። ሆድ አትጫንም። ሕፃኑን ለማስወጣት ሆድ መጫን አደገኛ ነው፤ አንዳንድ ባለሙያም ያደርገዋል፣ እሱም መተው አለበት። ቅጠል በጥብጣ አታጠጣም። እጇን አስገብታ የውስጥ ምርመራ አታደርግም። እትብት አትቆርጥም። "የልምድ አዋላጆችን መልሰን እናምጣ ነው የምትለው?" ለሚለኝ ሰው መልሴ ይኸው ነው። አይደለም። አዋላጇ አዋላጅ ናት። አብሽሪ ባይዋ እጇ የወላዷ ወገብና መዳፍ ላይ ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ድሮ በልምድ ያዋልዱ የነበሩ እናቶች ግን ለዚህ ሥራ ጥሩ ናቸው ባይ ነኝ። ክፍሉን ለምደውታል፤ አይደነግጡም። ክልክሉን ብቻ አጥብቆ መንገር ያስፈልጋል።

ታዲያ ለምን በሩ ተዘጋ? እዚህ ላይ አዋላጆቹን መውቀስ ቀላል ነው። እኔም ወቅሼ ነበር። በኋላ ገጠር የምትሠራ አንዲት አዋላጅ ጓደኛዬ ስለ ሌሊት ተራዋ ስትነግረኝ አፌን ያዝኩ። ብቻዋን ናት። ሁለት የሚያምጡ አሉ። አንዷ የወለደች አለች፤ እሷንም ማየት አለባት። የሕፃኑን የልብ ምት ቢያንስ በየ30 ደቂቃው ማዳመጥ፣ የምጡን ሂደት የሚያሳየውን ቅጽ፣ ፓርቶግራፍ የሚባለውን፣ መሙላት፣ ሪፈር ካለ ስልክ መደወል፣ አምቡላንሱ የት እንደደረሰ መጠየቅ፣ መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ መስፋት። ደመወዙን ሁሉም ያውቀዋል፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ጥያቄ ሀገር ሲያነጋግር ሰምተናል። እንዲህ ላለች ሴት ስድስት ዘመድ በር ላይ ሲንጫጫባት መዝጋት ቀላሉ ነገር ነው።

እውነተኛው እንቅፋት ግን የክፍሉ አሠራር ነው። ብዙ ቦታ ማዋለጃው አንድ ክፍል ሆኖ ሁለት ሦስት አልጋ ጎን ለጎን ተደርድሮበታል፤ በመሀል መጋረጃ የለም። የአንዷን እናት ብታስገባ የሌላዋ ሴት ገመና ይታያል። ባልን ማስገባትማ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ መልሱ ብዙ ጊዜ ሥልጠናም ፖሊሲም አይደለም። መጋረጃ ነው። ጨርቅና ሽቦ። ገበያ ላይ የሚገኝ ነገር።

ወሎ ላይ ሌላም ጉዳይ አለ። አዋላጆቻችን ጥቂት የማይባሉት ወንዶች ናቸው። ጎበዞች ናቸው፤ ነገር ግን ወንድ እንዳያያት ብላ ቤቷ የምትቀር ሴት አለች። ይህን "ኋላ ቀርነት" ብሎ ማለፍ ማንንም ጤና ጣቢያ አላመጣም። የምታምናት ሴት አጠገቧ ስትቀመጥ ግን ነገሩ ይቀላል። ነጠላ የሚይዝላት፣ ሊያያት ሲል ቀድሞ የሚነግራት ሰው አለ ማለት ነው።

ደግሞ እኮ ሰው አላጣንም። ሌላው ሀገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ቅሬ ቀብር ብቻ አይደለም። ሌሊት "ምጥ ይዟታል" ሲባል ጎረምሶቹ ተራ ገብተው ቃሬዛ ይሸከማሉ፤ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይሉ። ያልመጣ ይቀጣል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ገደል ወጥቶ ወንዝ ተሻግሮ እስከ ጤና ጣቢያው በር የሚያደርሳት ማህበር አላት። ከበሩ እስከ አልጋው ያለችውን አሥር እርምጃ ግን ብቻዋን ትሄዳለች። ቅሬው ለቃሬዛው ተራ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ሴቶቹ ለአብሽሪ ባይነት ተራ ቢያወጡ ምን ይከብዳል? ነፍሰ ጡሯ ለክትትል ስትመጣ የመረጠቻት ሴት አብራት መጥታ ክፍሉን ብታይ፣ ግማሽ ሰዓት ብትማር፣ ስሟ ካርዱ ላይ ቢጻፍ? ገንዘብ አይጠይቅም። ዘበኛው "ማን ነሽ?" ሲል የምታሳየው ነገር ይኖራታል።

ይህን ሁሉ ስል ያለንበትን ጊዜ ረስቼ አይደለም። ከ2013 ክረምት ጀምሮ ጦርነቱ ወሎ ሲገባ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈዋል፤ የደሴና የወልድያ ሆስፒታሎች የደረሰባቸውን ሀገር አይቷል። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት፣ አምቡላንስ ሌሊት የማይንቀሳቀስበት ጊዜ አለ። አልጋው፣ መድኃኒቱ፣ ባለሙያው ሲጎድል ስለ ወንበርና መጋረጃ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። እኔ ግን ተቃራኒው ነው የሚታየኝ። ስትመጣ ኬላ ላይ የቆመች፣ ተኩስ የሰማች ሴት ናት አልጋው ላይ የወጣችው። ፍርሃቱን ይዛው ነው የገባችው። ኦክሲቶሲን መርፌ በ2 እና በ8 ዲግሪ መካከል መቀመጥ አለበት፤ መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣ ሲቆም ይበላሻል። አብሽሪ ባይ መርፌውን አትተካም። መብራት በመጥፋቱ ግን አትበላሽም።

ስለ ባሎች ብዙ አልልም። መጋረጃ ያለበት ቦታ ሚስቱ ከፈለገችው ይግባ። ካልፈለገችው ውጭ ሆኖ ደም ሊሰጥ ይዘጋጅ፣ ስልኩን ቻርጅ ያድርግ።

ከወሊድ በኋላ ያሉት 24 ሰዓታት ግን ችላ የሚባሉ አይደሉም። እናቶችን ከሚገድለው ሁሉ ፊተኛው ደም መፍሰስ ነው፤ የሚመጣውም ብዙውን ጊዜ በእነዚህ ሰዓታት ነው። በ2008ቱ ጥናት በወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ የታዩ እናቶች ከ100 17 ብቻ ነበሩ። ሕፃኑ ሲወጣ እልል ይባላል፤ ሁሉም ወደ ሕፃኑ ይዞራል። አራሷ ግድግዳ ዞራ ትተኛለች። በዚያን ሰዓት ልብሷን ገልጣ "ደሙ ስንት ጨርቅ አራሰ?" ብላ የምታይ አንድ ሰው ያስፈልጋል። አዋላጇ ሌላዋ ወላድ ጋ ሄዳለች።

እህቴ ሁለተኛ ልጇን ሌላ ጤና ጣቢያ ወለደች። አዋላጁ ልጅ እግር ወንድ ነበር። እናቴ ፔርሙዟን ይዛ እንደ ልማዷ በሩ ጥግ ቆመች። ልጁ ወጣና "እማማ፣ እጅዎን በሳሙና ታጥበው ይግቡ" አላት። መሀል ላይ በአንሶላ የተሠራ መጋረጃ ነበር። አንድ የእንጨት ወንበር ሰጣትና ሦስት ነገር ነገራት፤ ሆዷን እንዳትነካ፣ ወገቧን እንድታሻት፣ ደም ካየች እንድትጠራው። እናቴ ከዚያ እስኪነጋ አልተነሳችም።

ፈረንጅ ይህን ሥራ "ዱላ" ይለዋል ብዬ ስነግራት እስክታነባ ሳቀች። "እኔስ ምንም አልሆንኩ" አለችኝ። "ዱላ የሆነብኝ ወንበሩ ነው።"